ጃርትና ግማሽ ጥያቄ

የጃርት ልጅ ሞታለች።

ተረቱ ከዚህ ይጀምራል፤ ሌላ መጀመሪያ የለውም። እናንተ ቀረብ በሉ። ከኋላ ያላችሁም ተጠጉ፤ ጮክ ተብሎ የሚነገር ተረት አይደለም።

ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ ቋንቋ ሲነጋገሩ፣ ድንጋይና እንጨትም አፍ በነበራቸው ጊዜ፣ በአንድ ወንዝ ዳር አንድ መዘውር ነበረ። ትልቅ የእንጨት መዘውር ነው። ወንዙ ያዞረዋል፤ እሱ ደግሞ ውሃ እያነሳ የእንስሳቱን እርሻ ያጠጣል። ማን እንደሠራው የሚያስታውስ አልነበረም።

መዘውሩ በአፍ አይታዘዝም። የሚታዘዘው በገመድ ነው። ውሃ የፈለገ እንስሳ ገመድ ላይ ቋጠሮ ይቋጥርና በመዘውሩ ጥርስ ላይ ያንጠለጥላል። መዘውሩም ገመዱን ከጫፉ ጀምሮ እየዳሰሰ ያነባል። ነጠላ ቋጠሮ ሲያገኝ ውሃ ያነሳል። ድርብ ቋጠሮ ሲያገኝ ከቦዩ ወደ ቀኝ ያፈስሳል። ቀለበት ሲያገኝ ወደ ግራ ያፈስሳል። ወፍራም ቋጠሮ ሲያገኝ ያቆማል። በቃ፣ ሌላ አያውቅም። አንዴ ጥርሱን ያሳረፈበትን ገመድ ደግሞ ቀኑ ሳይመሽ አይለቅም። ጠዋት በቀጭን ውሃ ይሞክረዋል፤ ፀሐይ አዘቅዝቃ ወንዙ ሲሞላ በሙሉ ውሃ ይሠራዋል።

ቋጠሮ ያበላሸ እንስሳ እየጮኸ ቢመጣበት የመዘውሩ መልስ አንድ ነው።

«ጎመኔን አጠጣልኝ ብዬህ መኝታዬን አጠብከው!»

«የታዘዝኩትን ሠራሁ።»

«አንተ ልብ የለህም?»

«የታዘዝኩትን ሠራሁ።»

እንግዲህ ገመዱ እምቢ ያለው ሁሉ ወደ ሾላው ዛፍ ይሄዳል። በሾላው ሥር አዋቂዎች ይቀመጣሉ። አንዱ ጋሽ ኤሊ ናቸው፤ ያላዩት የቋጠሮ ዓይነት የለም፤ ነገር ግን አንዱን ቃል ከሌላው ለማገናኘት ጊዜ ይወስዱ ነበር። ሌላዋ እመት ጦጢት ናት፤ ጣቷ ፈጣን፣ ምላሷ ከጣቷ የፈጠነ። አዋቂዎቹ ያቃኑት ገመድ ሌላውም አይቶ እንዲማርበት ቅርንጫፍ ላይ ይሰቀላል።

መጀመሪያ ላይ በር አልነበረም። እንስሳት ከየአቅጣጫው እየሮጡ ይመጡና ሾላው ሥር ቆመው «አይሠራም! አይሠራም!» ይላሉ። ምኑ? አይናገሩም። ገመዱስ? ቤት ቀርቷል። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይጮሃል። አዋቂዎቹ ራሳቸው ዞረ። እመት ጦጢት «እኔ ጠንቋይ ነኝ እንዴ?» ብላ ላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ወጣች፤ ለብዙ ቀንም አልወረደችም። ያኔ ጋሽ ኤሊ ዙሪያውን በእሾህ አሳጠሩ፤ መዝጊያ አሠሩ፤ መዝጊያው አጠገብም ጃርትን አስቀመጡት።

«ሦስት ነገር ጠይቅ» አሉት። «ገመድህ የታለ በል። ምን ፈለግህ በል። ምን ሆነ በል። ሦስቱን የመለሰ ይግባ። ያልመለሰ ሄዶ አስቦ ይምጣ።»

ጃርትም እንደተባለው አደረገ። ሦስቱን ላልመለሰ፣ ከጀርባው አንድ እሾህ ነቅሎ እግሩ ፊት መሬት ላይ ይተክልበታል። እሾህ የተተከለበት ጥያቄ ተዘጋ ማለት ነው። መዝጊያው ይህን ሲያይ ደስታውን አይችለውም። መዘጋት ይወድ ነበር።

«ዝጋኝ!» ይላል። «ዝጋኝ፣ ጃርት፣ ዝጋኝ!»

ደንቡ ክፉ ደንብ አልነበረም። አያ ጅቦን ውሰዱ። በየጊዜው ይመጣ ነበር።

«አያ ጃርት፣ እንደምን ሰነበትክ? ገመድ ፈልጌ ነበር።»

«ገመድህ የታለ?»

«የለኝም። እሱን እኮ ነው የፈለግሁት። ጠንከር ያለ፣ ረዘም ያለ። ለነገ ይድረስልኝ።»

«አንተ ምን ሞከርክ?»

«መምጣት ሞከርኩ» አለ አያ ጅቦ። «ሩቅ ነው።»

ጃርት እሾህ ነቅሎ ተከለ። መዝጊያው እየሳቀ ተዘጋ። አያ ጅቦ «እዚህ ቤት እንግዳ አያውቁም» እያለ አጉረምርሞ ሄደ።

ያኔ የጃርት ልጅ ትርንጎ በሕይወት ነበረች። አባቷ በር ሲጠብቅ በግራ ጎኑ ትቀመጣለች። እሾኋ ገና ለስላሳ ነበር፤ ብትደገፈውም አይወጋም።

«አባዬ፣ ጅብ ለምን ያጉረመርማል?»

«ስለራበው።»

«ለምን ራበው?»

«ስላልሠራ።»

«ለምን አልሠራም?»

«እንጃ።»

«ለምን እንጃ?»

ቀኑን ሙሉ እንዲህ ናት። ወንዙ ሲደክመው የት ይቀመጣል? ጨረቃ እሾህ አላት? ጋሽ ኤሊ ቤታቸውን ተሸክመው ሲሄዱ እንግዳ ቢመጣባቸውስ? አንዳንዴ ደግሞ ከየትም ተነስታ «ለምን?» ትላለች፤ ብቻዋን፣ እንዲያው «ለምን?»። ጃርትም «ለምን ምን?» ይላታል። ያኔ ቁጭ ብላ ታስባለች፤ አስባ የሆነ ነገር ታወጣለች። የሷ ጥያቄ ገመድ የለው፣ የፈለገው አይታወቅ፣ የሆነው አይታወቅ። ጃርት ለሷ እሾህ ነቅሎ አያውቅም።

ክረምቱ ሲገባ ሳል ያዛት። ብዙም አልቆየች።

ለቅሶው ሲያበቃ ጃርት ወደ በሩ ተመለሰ። ሁሉም «እግዜር ያጽናህ» አሉት። እሱም «አሜን» ብሎ ተቀመጠ። ሲቀመጥ ግን በግራ በኩል ቦታ ትቶ ነበር። በማግስቱም ትቶ ተቀመጠ። ጋሽ ኤሊ ይህን አዩ።

ከዚያ ወዲህ ጃርት ሌላ ሆነ። ሙሉ ጥያቄ ይዞ የመጣ እንደ ድሮው ይገባል። ችግሩ ግማሽ ጥያቄ ላይ ነው። «ለምንድነው...» ብሎ የሚጀምር ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። አንገቱ ወደ ግራ ይዞራል። ባዶ ነው። ፊቱን ሲመልስ የቆመው አያ ጅቦ ነው፤ ወይ ከርከሮ ነው፤ ወይ አንዷ ቆቅ። ያ ጥያቄ የሷ አለመሆኑን ይቅር ማለት አቃተው። እሾህ ይነቅላል። ይተክላል። ቀድሞ «ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» ብሎ የሚረዳቸውን እንኳ አሁን ሳያስጨርስ ይዘጋባቸው ጀመር።

«ዝጋኝ!» ይላል መዝጊያው። እሱም ይዘጋል። ዝምታው ይሻለው ነበር።

እመት ጦጢት ከላይ ሆና ታያለች። «አያ ጃርት» አለችው አንድ ቀን፣ «ጀርባህ ሊመለጥ ነው። እሾህ እንደ ጎመን የሚበቅል መሰለህ?»

«ደንብ ነው» አላት።

«ደንብማ ደንብ ነው። ደግሞ እኔን ተመችቶኛል። ብቻ ብርድ እንዳይመታህ ብዬ ነው።»

ሾላው ሥር ሣር በቀለ። የሚረግጠው ጠፋ።

አንድ ቀን ከመዝጊያው ግርጌ፣ መሬት ለመሬት፣ አንድ ትንሽ ድምፅ መጣ።

«ውሃ አይመጣም።»

የጃርት ጆሮ ቆመ። ወደ ግራ ዞረ። ባዶ ነው። ወደ ፊት ሲመለከት ፍልፈሊት ቆማለች። ፍልፈል እንደምታውቁት ከመሬት በታች የሚኖር እንስሳ ነው፤ ብርሃን ይከብደዋል። አፍንጫዋ አፈር ነበር። ዓይኗን ጨፍና ታወራለች።

«ገመድሽ የታለ?»

«ቤት።»

«ምን ፈለግሽ?»

«ውሃ።»

«ምን ሆነ?»

«አይመጣም አልኩህ እኮ!» አለችና ወደ ኋላዋ ዞረች፤ ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አነሳች።

«ሰው እያነጋገረች ሰማይ ታያለች» አለ ጃርት በልቡ። እሾህ ነቅሎ ተከለ። «ዝጋኝ!» አለ መዝጊያው። ተዘጋ። ፍልፈሊት እየሮጠች ሄደች።

በማግስቱ ተመለሰች። አሁን ገመዷን በአፏ ይዛለች። በሩ ፊት ተፋችው።

«ይኸው ገመዱ። ቶሎ በል።»

«እዚህ ቤት ቶሎ በል የሚባል ነገር የለም። ምን ፈለግሽ?»

«ለሥሮቼ ውሃ። የምንበላው ሥር ደረቀብኝ።»

«ምን ሆነ?»

«ውሃው ይነሳል፤ ግን አይደርስም። መንገድ ላይ ይቀራል። ቶሎ በል፣ እባክህ።»

ሦስቱን መልሳለች። ጃርት ግን ይህን ነገር ከዚህ በፊት ሰምቶታል። ውሃው ይነሳል፣ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሚዳቋ በበጋ ይህንኑ ብላ መጥታ ነበር፣ ጋሽ ኤሊም ገመዷን አቃንተውላት ነበር።

«ተጠይቋል፤ ተመልሷል» አላት። «የሚዳቋ ገመድ እዚያ ታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሏል። እንደሱ ቋጥሪ።» እሾህም ተከለ።

ፍልፈሊት በአጥሩ ቀዳዳ ገብታ የሚዳቋን ገመድ በአፍንጫዋ እየዳሰሰች አነበበች። ነጠላ፣ ድርብ። ነጠላ፣ ድርብ። አንዱንም ሳታዛንፍ የራሷ ገመድ ላይ ቋጠረች። ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አነሳችና ሮጠች።

የሚዳቋ ገመድ ትክክለኛ ገመድ ነበር። ለሚዳቋ።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ከአናት አልፋ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ፍልፈሊት መጣች። እስከ ሆዷ ጭቃ ነበረች።  በሩ ፊት ቆማ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች።

«ለምን?»



«ኧረ ጉድ!» አለች እመት ጦጢት ከላይ። «ዛሬስ በአንድ ቃል ገላገለችን። አያ ጃርት፣ እሾህ የተረፈህ እንደሆነ ትከልባት!»

«ዝጋኝ!» አለ መዝጊያው። «ዝጋኝ፣ ጃርት፣ ዝጋኝ!»

ጃርት እጁን ወደ ጀርባው ሰደደ። እሾህ ነቀለ። ያዘው። ወደ ግራ ዞረ፤ ባዶ መሆኑን እያወቀ ዞረ።  እሾሁን እንደያዘ ፊቱን ወደ ፍልፈሊት መለሰ።

«ለምን ምን?» አለ።

ይህ ከሦስቱ ጥያቄዎች ውስጥ አልነበረም። ከአፉ ሲወጣ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

«ለምን ወደ ቤቴ ይፈስሳል?» አለች ፍልፈሊት። «እንዳልከኝ ቋጠርኩ። ጠዋት ሲሞክረው ደጄ ላይ ፈሰሰ። እስካሁን ጭቃ ሳወጣ ዋልኩ።»

«ቤትሽ ከቦዩ በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ።»

«የምታጠጪው ሥርስ?»

«በግራ።»

 የሚዳቋ እርሻ በቀኝ በኩል ነው። ገመዱ በየድርብ ቋጠሮው «ወደ ቀኝ» ይላል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መዘውሩ ያንኑ ገመድ በሙሉ ውሃ ይሠራዋል።

«ቤት ማን አለ?»

«ልጆቼ። ዓይናቸው ገና አልተከፈተም።»

«ታዲያ አታወጫቸውም እንዴ!»

ፍልፈሊት አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አነሳች። ጃርትም አብሯት ቀና አለ። ጭልፊት ከላይ ይዞራል። ክንፉን ሳያንቀሳቅስ፣ ቀስ ብሎ፣ ይዞራል።

«አንዱን ይዤ ስወጣ ሌላውን ይወስድብኛል» አለች። «ጉድጓዱ አፍ ላይ ካልቆምኩ ይገባል። ቶሎ በል ያልኩህ ለዚህ ነው። እዚህ ቆሜ የምናገረውን ሁሉ እነሱን ትቼ ነው የምናገረው። በል፣ በቃ። ሄድኩ።»

ሄደች። ጃርት የነቀለውን እሾህ መሬት ላይ ጣለው።

«እመት ጦጢት፣ በሩን ያዢልኝ» አለና ወደ ወንዙ ሮጠ።

መዘውሩ የፍልፈሊትን ገመድ በጥርሱ ይዞ ቀስ እያለ ይዞራል። ወንዙ መሙላት ጀምሯል።

«አቁም!» አለው ጃርት።

«በአፍ አልታዘዝም» አለ መዘውሩ። «ገመድ ላይ ቋጥር።»

«ገመዱ ስህተት ነው። ለሌላ ቤት የተቋጠረ ነው።»

«ስህተት የሚባል ቋጠሮ አላውቅም።»

«ልጆች አሉ እዚያ ውስጥ!»

«ልጅ የሚባልም ቋጠሮ አላውቅም» አለ መዘውሩ። ክፋት አልነበረበትም። እውነቱን ነው የተናገረው። «ነጠላ አውቃለሁ። ድርብ አውቃለሁ። ቀለበትና ወፍራም አውቃለሁ። ከነዚህ አንዱን በለኝ።»

ጃርት ገመዱን በእግሩ ሊይዝ ሞከረ። የጃርት ጥፍር ለመቆፈር እንጂ ለመቋጠር አልተሠራም። በጥርሱ ሞከረ፤ ገመዱ በምራቅ ረጠበና አንሸራተተው። ፀሐይዋን አየ። እየሮጠ ወደ ሾላው ተመለሰ።

በሩ ተዘግቷል። እመት ጦጢት እሱ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ላይ እግሯን አጣምራ ተቀምጣለች።

«ክፈቱ!» አለ ጃርት። «ውሃ... ቶሎ... እባካችሁ!»

«ገመድህ የታለ?» አለች እመት ጦጢት። የእሱን ድምፅ አስመስላ ነው የተናገረችው፤ ቀልድ መስሏት።

«መዘውሩ ላይ... የሷ...»

«ምን ፈለግህ?»

«ውሃው...»

«ምን ሆነ?»

ጃርት አፉን ከፈተ። ሁሉንም ያውቃል። ቀኙን ያውቃል፣ ግራውን ያውቃል፣ ቋጠሮውን ያውቃል። ለስንቱ እንዲህ ብለህ ጠይቅ ሲል የኖረ እሱ ነው። አሁን ግን አንዱ ቃል ከሌላው አልገጥም አለው። 

«ቶሎ!» አለ። «ቶሎ በሉ!»

«እዚህ ቤት ቶሎ በል...» ብላ ጀመረች እመት ጦጢት፤ ከዚያ ፊቱን አየችና አቋረጠች።

«ልዝጋ?» አለ መዝጊያው። 

ጋሽ ኤሊ ከሾላው ሥር ተነሱ። ቀስ እያሉ መጡ። በሩ አጠገብ ሲደርሱ አንገታቸውን በእሾሁ መሐል አውጥተው የጃርትን ፊት ከቅርብ ተመለከቱ።

«ውሃው የት ይገባል?» አሉ።

«ጉድጓድ ውስጥ።»

«ጉድጓዱ ውስጥ ማን አለ?»

«ልጆች።»

«የማን ልጆች?»

«የኔ» አለ ጃርት።

 እመት ጦጢት አንገቷን ደፋች። ጃርት ራሱ ያለውን አልሰማውም። ጋሽ ኤሊ ግን ሰምተዋል፤ ሰምተውም አላረሙትም።

«እሺ ልጄ» አሉ። «ልጆቹ ያሉበት ጉድጓድ በየትኛው በኩል ነው?»

«በቀኝ።»

«ገመዱ እንዴት ይሄዳል?»

«ነጠላ፣ ድርብ። ነጠላ፣ ድርብ። እስከ መጨረሻው።»

«መዘውሩ የት ደርሷል?»

«የመጀመሪያው ነጠላ ላይ። አሁን... አሁን ያነሳል።»

ጋሽ ኤሊ ወደ እመት ጦጢት ዞሩ። «የመጀመሪያው ድርብ አይደረስበትም። ከሁለተኛው ነጠላ በፊት ወፍራም ቋጠሮ...» ብለው ጀመሩ፤ እሷ ግን የለችም። ከሾላው ወደ ዋንዛው፣ ከዋንዛው ወደ ወንዙ ዳር፣ ቅርንጫፉ ብቻ ይወዛወዛል።

ጃርት ተከትሏት ሮጠ። ሲደርስ መዘውሩ የመጀመሪያውን ውሃ አንስቶ ወደ ቀኝ ሲደፋው አየ። ውሃው በቦዩ እየተንደረደረ ወደ ፍልፈሊት ቤት ወረደ። እመት ጦጢት መዘውሩ ላይ ተንጠልጥላለች፤ በአንድ እጇ ጥርሱን ይዛ በሌላው እጇና በአፏ ትቋጥራለች። መዘውሩ ይዞራል፣ እሷም አብራ ትዞራለች፤ አንዴ ራሷ ወደ ላይ፣ አንዴ ራሷ ወደ ታች። እየሰደበችው ነበር። እናቱን፣ የሠራውን አናጢ፣ የበቀለበትን ጫካ፣ ማንንም አላስቀረችም።

መዘውሩ ወፍራሙ ቋጠሮ ላይ ደረሰ። ዳሰሰው።

«አቁም ተባልኩ» አለ። ቆመ።

ጃርት ግን ይህን አልሰማም። ጉድጓዱ ዘንድ ነበር። የጉድጓዱ አፍ በጭቃ ተደፍኗል፤ ፍልፈሊት ከውስጥ ትቆፍራለች፣ እሱ ከውጭ ቆፈረ። ጥፍሩ ለዚህማ የተሠራ ነው። ጭቃው ሲከፈት አንድ ትንሽ፣ ጸጉር ያላወጣ፣ የራሰ ነገር እናቱ ከውስጥ እየገፋች ወደሱ ላከችው። ጃርት አፍንጫውን አስጠግቶ አዳመጠ። ይተነፍሳል። ሌላው መጣ። ይተነፍሳል። ሌላው መጣ። ይህኛው ቆየ። ጃርት አፍንጫውን አላነሳም። ቆየ፤ ከዚያ አስነጠሰ።

ሁሉም ተረፉ። ጭልፊቱ ከላይ ዝቅ ሲል እመት ጦጢት ደርሳ ድንጋይ ወረወረችበት። ጎንበስ ብሎ የቆመውን ጃርት፣ ከእሾሁ የቀረውን ሁሉ አቁሞ በልጆቹ ላይ ያጎነበሰውን ጃርት አይቶ ጭልፊቱ ዞሮ ሄደ። ጀንበር ስትጠልቅም ወደ ማደሪያው ገባ።

ፍልፈሊት ጉድጓዷን አየች። ጭቃ ነው። ልጆቿ ብርድ ያንቀጠቅጣቸዋል። ምንም አልጠየቀችም።

«ነይ» አላት ጃርት።

የጃርት ሚስት ጃርቲት ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። ሲመጡ አየች። በእናትየው አፍ የተንጠለጠለውን አየች፤ እመት ጦጢት ያቀፈችውን አየች፤ ባሏ በአፉ የያዘውን አየች።

ጃርት የያዘውን አስቀመጠ። «ርሰዋል» አለ።

«አስገባቸዋ» አለች።

«የት?»

ሚስቱ ወደ ውስጥ ተመለከተች።  ከቤታቸው ክፍል ሁሉ ደረቅ የሆነችው አንዲት ጓዳ ናት። ለትርንጎ ሳል ብለው ከፍ ካለ ቦታ የቆፈሯት ጓዳ ናት። አፏን በአፈር ደፍነውት ነበር፤ ሁለቱ አብረው፣ ሳይነጋገሩ።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና ከተረቱ የሚወሰደውን ልንገራችሁ። ልትጠይቁ ስትሄዱ ገመዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የፈለጋችሁትንም የሆነውንም ተናገሩ፤ የአዋቂን ጊዜ እንደ አያ ጅቦ አትብሉ። በር ላይ የተቀመጣችሁ ደግሞ፣ ግማሽ ጥያቄ ሲመጣላችሁ፣ ሌላው ግማሽ የት እንደቀረ ጠይቁ። አንዳንዱ ከስንፍና ትቶት ነው። አንዳንዱ ግን ልጆቹ ዘንድ ትቶት ነው የመጣው።

ጃርት ግን ያን ቀን ይህን ሁሉ አላሰበም። የጓዳዋን አፈር ቆፍሮ ከፈተ። ቀድሞ እሱ ገባ። ውስጡ የሷ ሽታ ነበረው፤ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ወጥቶ ከገዛ መኝታው ደረቁን ሣር ሁሉ ሰበሰበ፣ በአፉ አመላለሰና እዚያች ጓዳ ውስጥ አነጠፈው።